«ኦሌ» እና ዑድ፦ ከአንደሉስ ዜማ ለስፔን ምን ቀረ?

  

የዛሬውን የታሪክ ዝግጅታችንን የምንከፍተው ከአንድ አባት በደረሰን ደብዳቤ ነው። ቀደም ሲል ስለ አንደሉስ ባቀረብነው ንግግር ላይ፣ የስፔን ሰዎች በዘፈንና በጭፈራ መሐል «ኦሌ!» እያሉ የሚጮኹት ጩኸት «አላህ» ከሚለው ስም የመጣ ነው ብለን ነበር። የእኚህ አባት ልጅ ይህን ከቤቷ ሆና ሰማች። በማግስቱም በታሪክ ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ ተናገረች። አስተማሪዋም በረጋ አንደበት «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቱ «ኡስታዙ በሬዲዮ ተናግረዋል» ብላ መለሰች። ክፍሉ ሳቀ። አባትየው በደብዳቤያቸው አልወቀሱንም። «ማስረጃ ካለ ለልጄ ላኩላት፤ ከሌለም እንደሌለ ንገሯት» ነው ያሉን።

እኛም ያሉንን መጻሕፍት ገልጠን ፈለግን። ማስረጃ አላገኘንም። የቋንቋ ሊቃውንት ስለዚህ ቃል አመጣጥ ልዩ ልዩ ግምት ይሰጣሉ፤ ከአረብኛ መምጣቱን ግን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ስለዚህ በዚያን ቀን የተናገርነው ከሌላ ሰው የሰማነውን ደስ ስላለን ብቻ የደገምነው ነበር። ጆሮም ልብም ተጠያቂ መሆናቸውን የተማርን ሕዝብ ሆነን ሳለ ይህን ማድረጋችን ጥፋት ነው። ልጃችንንም፣ አባቷንም፣ አድማጮቻችንንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በይቅርታ ብቻ መዘጋት የለበትም። የአንደሉስ ዜማ ወደ ስፔንና ወደ አውሮፓ ስለ መሻገሩ በሰነድ የተያዘ ብዙ ነገር አለ። እውነተኛው ታሪክ ከዚያ ካልተረጋገጠ ወሬ ይልቅ የሰፋ፣ የሚያስደስትም የሚያስለቅስም ነው። ዛሬ የምናቀርበው እርሱን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዘፈንና ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ሸሪዓዊ ብይን ለመስጠት የተዘጋጀ አይደለም። በዚህ ጉዳይ የአንደሉስ ዑለማዎች ራሳቸው ተለያይተዋል። የቁርጡባው (የኮርዶባው) ኢብን ሐዝም (994–1064) ዘፈንን የሚፈቅድ ድርሳን ጽፈዋል። በቶርቶሳ ተወልደው በ1126 በእስክንድርያ ያረፉት አቡበከር አጥ-ጡርጡሺ ደግሞ አጥብቀው የሚቃወም መጽሐፍ ጽፈዋል። ሁለቱንም አላህ ይዘንላቸው። ብይኑን ለፊቅህ ዝግጅት ትተን እኛ የሆነውን እንናገራለን።

ከባግዳድ የመጣው እንግዳ

በ711 ሙስሊሞች ወደ ኢቤሪያ ምድር ከገቡ በኋላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ የአረብ ዜማ አገር አልሆነችም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አሕመድ አት-ቲፋሺ እንደ ጻፈው፣ በጥንቱ ዘመን የአንደሉስ ሰዎች ዜማ ከሁለት አንዱ ነበር። ወይ በአገሩ ክርስቲያኖች ስልት፣ ወይ የአረብ ግመል ነጂዎች በሚያንጎራጉሩት ስልት።

በ822 ግን ከምሥራቅ አንድ እንግዳ መጣ። ስሙ ዐሊ ኢብን ናፊዕ ሲሆን ታሪክ የሚያውቀው «ዚርያብ» በሚለው ቅጽሉ ነው። በመልኩ ጥቁረትና በድምፁ ማማር የተነሣ በአንዲት ጥቁር ወፍ ስም ተጠራ ይባላል። ወደ አንደሉስ ከመሻገሩ በፊት በቀይረዋን በአሚር ዚያደቱላህ ዘንድ ነበር። የቁርጡባው ጸሐፊ ኢብን ዐብድ ረቢህ (860–940) እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን በአሚሩ ፊት የዐንተራን ግጥም ዘፈነ። ዐንተራ፣ እንደምታውቁት፣ እናቱ ዘቢባ የምትባል ሐበሻዊት የነበረች የጥንት አረብ ባለቅኔና ጀግና ነው። ግጥሙም ስለ እናቱ ጥቁረት የሚናገር ነበር። አሚሩ ተቆጣ፤ ዚርያብን አስመትቶ ከአገሩ እንዲወጣ አዘዘው። እንግዲህ ዚርያብን ወደ አንደሉስ ከገፉት ነገሮች አንዱ፣ በዚህ ትረካ መሠረት፣ ስለ አንዲት ሐበሻዊት እናት የተዘፈነ ግጥም ነው ማለት ነው።

ዚርያብ ባሕሩን ሲሻገር የጠራው አሚር አል-ሐከም መሞቱን ሰማና ሊመለስ አሰበ። ሊቀበለው የተላከው የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኛ መንሱር የሚባል አይሁዳዊ ነበር። እርሱም «አዲሱን አሚር ሳታይ አትመለስ» ብሎ አግባባው። አዲሱ አሚር ዐብዱረሕማን ሁለተኛው (822–852) በክብር ተቀበለው። ዚርያብ በቁርጡባ ዘፋኞችን አሠለጠነ፤ ልጆቹና ደቀ መዛሙርቱም ስልቱን አስፋፉ።

ስለ ዚርያብ ብዙ ነገር ይወራል። አመጋገብን፣ አለባበስን፣ ፀጉር አቆራረጥን ሁሉ ለአውሮፓ ያስተማረ እርሱ ነው የሚሉ አሉ። ከዚህ አብዛኛው የሚገኘው በ1632 በሞተው በአል-መቀሪ መጽሐፍ ነው፤ ይህም ከዚርያብ ስምንት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በአንድ ሰው ላይ የአንድን ሥልጣኔ ሥራ ሁሉ መጫን ተረት የሚያሳምር፣ ታሪክን ግን የሚያደኸይ ልማድ ነው። በእርግጠኝነት የምንይዘው ዚርያብ የምሥራቁን የዜማ ትምህርት ወደ ቁርጡባ ማምጣቱን፣ ትምህርቱም ከእርሱ በኋላ መቀጠሉን ነው።

አውራጅና ተቀባይ

በ9ኛው መጨረሻና በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአንደሉስ አዲስ የግጥም ዓይነት ተወለደ። «ሙወሸህ» ይባላል። የድሮው የአረብ ቀሲዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቤት መምቻ የሚሄድ ነው። ሙወሸህ ግን በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። በየክፍሉ ቤት መምቻው ይለወጣል፤ በየክፍሉ መጨረሻ ደግሞ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። በወሎ መንዙማ ሲባል የሰማ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፦ አውራጁ ግጥሙን እየለዋወጠ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ደግሞ የታወቀውን መመለሻ ይዞ ይጠብቀዋል። ይህን ለማስረዳት ብቻ አነሣነው እንጂ አንዱ ከሌላው መጣ አላልንም። ዛሬ የቆምነው እንዲህ ያለውን ነገር ለማረም ነውና!

በተራው ሕዝብ አረብኛ የሚገጠመው ወንድሙ ደግሞ «ዘጀል» ይባላል። በዚህ የታወቀው በ1160 የሞተው የቁርጡባው ኢብን ቁዝማን ነው። ከጉዋዲሽ አካባቢ የተነሡት ሱፊ አቡል ሐሰን አሽ-ሹሽተሪ (1269 ያረፉ) ደግሞ ይህንኑ የገበያና የመንገድ ስልት ወደ አላህ ፍቅር መለሱት።

በ1948 ሳሙኤል ስተርን የተባለ ተመራማሪ አንድ አስደናቂ ነገር አሳተመ። አንዳንድ ሙወሸሆች የመጨረሻ ስንኛቸው «ኸርጃ» ይባላል፤ ትርጉሙም መውጫ ማለት ነው። ስተርን በዕብራይስጥ በተገጠሙ ሙወሸሆች መጨረሻ ላይ ለብዙ ዘመን ሰው ያልገባው ቃል አገኘ። ሲመረመር ያ ቃል ዕብራይስጥም አረብኛም አልነበረም። የአንደሉስ ሕዝብ በቤቱ ይናገረው የነበረው፣ ለስፓኝ ቋንቋ ዘመድ የሆነ የላቲን ልጅ ቋንቋ ነበር። ብዙ ጊዜም የምትናገረው ስለ ፍቅሯ ለእናቷ የምታማርር ልጃገረድ ናት። ከዚያ በኋላ በአረብኛ ሙወሸሆችም ውስጥ እንዲሁ ተገኘ።

ይህ ምን ያስተምረናል? ባለቅኔው በአረብኛ ወይም በዕብራይስጥ ገጥሞ በእናቶችና በልጃገረዶች ቋንቋ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። አት-ቲፋሺም ይህን ያጠናክርልናል፦ በ1139 የሞተው ፈላስፋ ኢብን ባጃ የክርስቲያኖችን ዜማ ከምሥራቁ ዜማ ጋር ቀላቅሎ በአንደሉስ ብቻ የሚገኝ ስልት አወጣ ይለናል። ሰጥተናል፤ ተቀብለናልም። የመቀበልን ነገር የሚደብቅ ሰው የመስጠቱን ነገር ቢናገር ማን ያምነዋል?

የበርበሽተር ምርኮኛ

ዜማ የተሻገረው ሁልጊዜ በጉርብትናና በፍቅር አልነበረም። በ1064 ከአኪታንያ፣ ከኖርማንዲ፣ ከካታሎንያና ከአራጎን የተውጣጣ ጦር በርበሽተር የተባለችውን የሙስሊሞች ከተማ ከበበና ያዘ። ብዙ ሰው ተገደለ፤ ሴቶችና ልጆች ተማረኩ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ሐያን አንድ ታሪክ አቆይቶልናል። ከከተማዋ ታላላቅ ሰዎች የአንዱ ልጅ ተማርካ ነበርና ቤተሰቧ አንድ አይሁዳዊ ነጋዴ ቤዛ ከፍሎ እንዲያስፈታት ላኩት። ነጋዴው ሲደርስ ማራኪው መስፍን በባለቤቱ ቤት፣ በባለቤቱ መቀመጫ ላይ፣ የባለቤቱን ልብስ ለብሶ ተቀምጦ አገኘው። የቀረበለትን ወርቅና ጨርቅ ሁሉ አልቀበልም አለ። ከዚያም ሌላዋን ምርኮኛ ዑዷን አንሥታ እንድትዘፍን አዘዛት። እርሷም ክሩን እየቃኘች ዕንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር፤ መስፍኑም በስውር ይጠርግላት ነበር። በአረብኛ ዘፈነች። ነጋዴው ቃሉን በቅጡ መከታተል አቃተው፤ መስፍኑ ግን የገባው ይመስል በደስታ ይወዛወዝ ነበር። ነጋዴው ባዶ እጁን ተመለሰ።

ይህ ጦር ወደ አገሩ ሲመለስ ምርኮኞችን ይዞ ሄዷል። ከጦሩ መሪዎች አንዱ የአኪታንያው መስፍን ጊዮም ስምንተኛ ነበር። ልጁ ጊዮም ዘጠነኛ (1071–1126) ደግሞ ግጥማቸው ከደረሰን የደቡብ ፈረንሳይ ባለቅኔዎች፣ «ትሩባዱር» ከሚባሉት፣ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሊቃውንት የትሩባዱር ቅኔ ከአንደሉስ መጣ ይላሉ፤ ሌሎችም ከላቲን መዝሙር ነው ብለው ይሟገታሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኛ ግን የምናስታውሳት ያችን ስሟ ያልተጻፈ ልጅ ነው። ስለ «ለአውሮፓ ያበረከትነው» በኩራት ስንናገር፣ ከተሻገሩት ዘፋኞች መሐል ተጎትተው የሄዱ እንዳሉ አንርሳ።

በክርስቲያን ነገሥታት አደባባይ

ጡለይጢላ (ቶሌዶ) በ1085፣ ቁርጡባ በ1236፣ ኢሽቢሊያ (ሴቪያ) በ1248 በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ወደቁ። ሙዚቀኞቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም። የካስቲልያው ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ (1252–1284) ለመርየም ውዳሴ የተገጠሙ ከ400 በላይ መዝሙሮችን «ካንቲጋስ» በሚባለው መድበል አሰባሰበ። ከቅጂዎቹ አንዱ 40 ያህል የሙዚቀኞች ሥዕል አለው። ከነዚህ ውስጥ አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን ጎን ለጎን ሆነው የየራሳቸውን ዑድ ሲጫወቱ የሚያሳይ ይገኛል። በልጁ በሳንቾ አራተኛ ቤተ መንግሥት ደግሞ፣ በ1293 የሒሳብ መዝገብ መሠረት፣ ደመወዝ ይከፈላቸው ከነበሩት 27 ሙዚቀኞች 13ቱ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከነርሱም ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። በ1322 በቫያዶሊድ የተሰበሰቡ የቤተ ክርስቲያን አባቶች በበዓል ዋዜማ ሙስሊምና አይሁድ ሙዚቀኞችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ማስገባት ይቅር ብለው ወሰኑ። ያልተለመደ ነገር አይከለከልምና ክልከላው ራሱ ምስክር ነው።

ከሁሉ የማይካደው ማስረጃ ግን የመሣሪያዎቹ ስም ነው። «አል-ዑድ» በስፓኝ ቋንቋ «ላውድ» ሆነ፤ በሌሎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎችም በዚሁ ስም ተሠራጨ። እንደኛ ማሲንቆ በደጋን የሚመታው «ረባብ»፣ «ራቤል» ተባለ። «አድ-ዱፍ» የተባለው ከበሮ «አዱፌ» ሆነ። ነጋሪቱ «አጥ-ጠብል»፣ «አታባል»፤ ረጅሙ መለከት «አን-ነፊር»፣ «አኛፊል»፤ ቀንደ መለከቱ «አል-ቡቅ»፣ «አልቦጌ» ተባሉ። ስም ከዕቃው ጋር ይሄዳል። 

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሑዋን ሩዊስ የተባለ ቄስ በመጽሐፉ የትኞቹ መሣሪያዎች ለአረብኛ ዜማ እንደማይስማሙ ይዘረዝራል። ለሙስሊምና ለአይሁድ ዘፋኞችም ዘፈን እንደ ሠራ ይናገራል። የአረብኛውን ዜማ ጠባይ ያላወቀ ሰው የሚስማማውንና የማይስማማውን እንዴት ይለያል?

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። የካንቲጋስ መዝሙሮች ብዙዎቹ የተገጠሙበት ስልት ከዘጀል ጋር የሚመሳሰል ነው። በ1922 ኹሊያን ሪቤራ የተባለ ስፔናዊ ሊቅ ዜማቸውም የአንደሉስ ነው ብሎ ጻፈ። ብዙ የሙዚቃ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ የአንደሉስ ሙዚቀኞች ዜማቸውን በምልክት አልጻፉም፤ ከአስተማሪ አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነበር የሚያስተላልፉት። ስለዚህ የግጥሙን ቅርጽ ጎን ለጎን አስቀምጠን ማስተያየት እንችላለን፤ የዚያን ዘመን ዜማ ግን የምናስተያይበት ጽሑፍ በእጃችን የለም።

ዜማ ወንጀል ሲሆን

ጥር 1492 ገርናጣ (ግራናዳ) እጇን ሰጠች። በ1491 በተፈረመው ውል የሙስሊሞች ሃይማኖትና ልማድ እንደሚጠበቅ ተጽፎ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ ከ1499 ጀምሮ፣ ካርዲናል ሲስኔሮስ በግዳጅ ያስጠምቃቸውና የአረብኛ መጻሕፍትን በአደባባይ ያስቃጥል ጀመር። የተጠመቁትም «ሞሪስኮ» ተባሉ።

በጥር 1567 የንጉሥ ፊሊፕ ሁለተኛ አዋጅ በገርናጣ ታወጀ። አረብኛ መናገር በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀር፣ ልብሳቸው፣ ስማቸው፣ የመታጠቢያ ቤታቸው እንዲከለከል ታዘዘ። በሠርግና በበዓል የሚጨፈረው «ዛምብራ»ም ከተከለከሉት አንዱ ነበር። አስቡት! የጦር መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የሠርግ ዘፈንም ለመንግሥት ያስፈራው ነበር።

በዚህ ጊዜ ፍራንሲስኮ ኑኜስ ሙሌይ የተባለ ሽማግሌ ሞሪስኮ ለባለሥልጣናቱ አቤቱታ ጻፈ። ክርክሩ የሚገርም ነው። ዛምብራ የአገር ልማድ እንጂ የእስልምና ሥርዓት አይደለም አለ። የሃይማኖት ቢሆን ኖሮ በፌዝም በቱርክም አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። እንዲያውም በቀድሞው ዘመን ፈቂህ ሲያልፍ ለክብሩ ሲባል ጨዋታው ይቆም ነበር አለ። በልጅነቱም የመጀመሪያውን የገርናጣ ሊቀ ጳጳስ ታላቬራን ሲያገለግል፣ እኚያው ሊቀ ጳጳስ ዛምብራ በቅዳሴያቸው እንዲጫወት መፍቀዳቸውን በዓይኑ እንዳየ መሰከረ።

አልሰሙትም። በ1568 መጨረሻ በአልፑሐራስ ተራሮች አመፅ ተነሣ፤ በ1571 በብዙ ደም ታፈነ። የገርናጣ ሞሪስኮዎች በመላ ካስቲልያ ተበተኑ። በመጨረሻም ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት 300,000 ያህል ሞሪስኮዎች ከስፔን ተባረሩ።

ባሕር የተሻገረውና የቀረው

ከነዚህና ከእነርሱ በፊት ከተሰደዱት ጋር ዜማው ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረ። ዛሬ በሞሮኮ «አላ»፣ በትሊምሳን «ገርናጢ»፣ በቆስጠንጢና፣ በቱኒዝያና በሊቢያ «መሉፍ» እየተባለ ይኖራል። «ኑባ» በሚባሉ ረጃጅም ክፍሎች የተደረደረ ሲሆን ሞሮኮ 11፣ ቱኒዝያ 13 ኑባ ይዘዋል። በቱኒስ ይህን የሚያስተምር የረሺዲያ ተቋም በ1934 ተመሠረተ። አራት መቶ ዓመት በላይ በአፍ ሲተላለፍ ብዙ ተለውጧል፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ «ገርናጢ» እያሉ የጠፋች ከተማቸውን ስም በየቀኑ ይጠራሉ።

በስፔንስ? ሰዎች ቶሎ የሚጠቅሱት ፍላሜንኮን ነው። ፍላሜንኮ በዛሬው መልኩ የሚታወቀው ከ18ኛው መጨረሻና ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ከሞሪስኮዎች መባረር እስከዚያ ድረስ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ይጠጋል። የፍላሜንኮ ዋና አሳዳጊዎችም የአንዳሉሲያ ሮማዎች፣ «ሂታኖ» የሚባሉት ናቸው። የእነርሱን ላብ ለእኛ መመዝገብ ሌላ ግፍ ነው። በሰኔ 1922 በአልሐምራእ የዘፈን ውድድር ያዘጋጁት ማኑኤል ዴ ፋያና ገጣሚው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ነበሩ። ፋያ በዚያን ጊዜ የዜማውን ምንጮች ሲዘረዝር የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ አረቦችንና ሂታኖዎችን አንድ ላይ ጠቅሷል። ይህ የአንድ ሙዚቀኛ አስተያየት ነው፤ ቢሆንም ሦስቱን አንድ ላይ ማየቱ ሚዛናዊ ነው። የማይካድ አንድ ቅሬታ ግን አለ፦ በገርናጣ በሳክሮሞንቴ ኮረብታ ሂታኖዎች የሚጨፍሩት ጭፈራ እስከ ዛሬ «ዛምብራ» ይባላል። በ1567 የተከለከለው ስም በሌላ ሕዝብ አፍ ተረፈ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ እንግዲህ ለልጃችን የምንልክላት መልስ ይህ ነው። በድጋሚ ስትጠየቂ እንዲህ በይ፦ «‹ኦሌ› ስላልኩት ማስረጃ የለኝም። ‹ላውድ›፣ ‹ራቤል›ና ‹አዱፌ› ግን ከአረብኛ የመጡ ናቸው። በ1293 በካስቲልያ ቤተ መንግሥት ከ27ቱ ሙዚቀኞች 13ቱ ሙስሊሞች ነበሩ። የዜማውን ነገር ሊቃውንት ገና ይከራከሩበታል።» ይህን ስትዪ የሚስቅብሽ የለም። ቢስቅም እውነቱ ካንቺ ጋር ነው።

ለወላጆችም አንድ አደራ አለን። ልጆቻችሁ የሰሙትን ይዘው ሲመጡ፣ እኛ የተናገርነውን እንኳ ቢሆን፣ «ከየት ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሐዲስን በሰንሰለቱ እየመዘኑ ያቆዩልን ዑለማዎች ልጆች ነን። ለቅድመ አያቶቻችን ያልሠሩትን መስጠት አያከብራቸውም፤ የሠሩት ይበቃቸዋል። ታሪካቸውን ስንተርክም በቤተ መንግሥት የከበረውን ዚርያብን ብቻ ሳይሆን፣ ክሩን እየቃኘች ያለቀሰችውን ምርኮኛና ለሠርግ ዘፈን አቤት ያለውን ሽማግሌ አብረን እናንሣ።

አላህ (ሱ.ወ) የምናውቀውን የምንናገር፣ ስንሳሳትም የምንመለስ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።